እናቴ ከዱብሉቅ፣ አባቴ ከሶሎሎ፦ የኬንያ መታወቂያ ባወጣ ኢትዮጵያዊነቴን አጣለሁ?

የአኮ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ እየጻፍኩ እያጠፋሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬ 31 ነው። ቦረና ነኝ። እናቴ ከሞያሌ ወደ ያቤሎ ሲወጡ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከዱብሉቅ ናት። አባቴ ከድንበሩ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ካለችው ከሶሎሎ ናቸው። ቦረና ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል፤ ሳቦ ከሳቦ፣ ጎና ከጎና አይጋባም። እናቴና አባቴ ሲጋቡ ሽማግሌዎች አጥብቀው ያጣሩት ይህንኑ ነበር። እርሷ ሳቦ፣ እርሳቸው ጎና። ተመረቁና ተጋቡ። ማን የየትኛው መንግሥት ዜጋ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ለትምህርት ስደርስ እኔ ሞያሌ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ አኮ ዘንድ ቀረሁ። አኮ የምንለው ሴት አያትን ነው። ታላቅ ወንድሜ ከአባቴ ጋር ማዶ አደገ። እርሱ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ተማረ፣ እኔ በኦሮምኛና በአማርኛ። ዛሬ በስልክ መልእክት ስንለዋወጥ ሁለታችንም የምንጽፈው በቦረንኛ ነው፤ ሆኖም እኔ በቁቤ እጽፋለሁ፣ እርሱ ደግሞ እንግሊዝኛ በተማረበት አጻጻፍ። መልእክቱን በዐይኔ ብቻ ካነበብኩት አይገባኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ግን የወንድሜ ንግግር ይሆንልኛል።

አሁን አባቴ ታመዋል። ባለፈው የደወሉልኝ ጊዜ ስለ ሕመማቸው አንድም ቃል አላነሱም። "ነጋ?" አሉኝ። "ነጋ" አልኳቸው፤ ሰላም ማለት ነው። "ሰዉ ነጋ? ከብቱ ነጋ?" ሐዋሳ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ምን ከብት ይኖረኛል? እርሳቸው ግን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ እኔም ሁልጊዜ "ነጋ" እላለሁ። ሰላምታው ሲያልቅ ጥቂት ዝም ብለው "ኪታምቡሊሾ አውጪ። ከልጆቼ ጋር ተቆጠሪ" አሉኝ። ኪታምቡሊሾ በስዋሂሊ መታወቂያ ነው። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው፣ በሰሜን ኬንያ ሰው ሁሉ ያልፍበት የነበረው ልዩ ማጣሪያ ስለቀረ ጊዜው አሁን ነው ብለው አስረዱኝ።

እዚህ የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ አለኝ። የመንግሥት መምህርት ነኝ። አንዲት ባልደረባዬ የኬንያውን ካወጣሁ ኢትዮጵያዊነቴ እንደሚሰረዝ ስትነግረኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጉዳዩን ለማጣራት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ጨዋ ነበር፤ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እሺ፤ ለመሆኑ አንቺ የየት ሀገር ሰው ነሽ?" አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ያንን ድንበር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምስል መምህርት አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ "ኢትዮጵያዊት ነኝ" አልኩት። እውነት ነው። ደጁን አልፌ ስወጣ ግን አባቴን የካድኳቸው መሰለኝና ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ ሰው ሲገደል ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ አኮ ቤት ነበርኩ፤ እርሳቸውን ደግፌ ከተሻገሩት አንዷ እኔ ነኝ። ሶሎሎ አካባቢ በተተከለ ድንኳን ሥር ተመዘገብን፤ ወረቀቴ ላይ "ስደተኛ" ተባለ። አባቴ በተወለዱበት ቀዬ ስደተኛ ሆንኩ። ወረቀቱን እንደያዝኩ የአባቴ እኅት፣ አዳዳዬ፣ በጪጮ ወተት ይዘው ደረሱ። ጪጮ ሴቶች በእጃቸው እየሸመኑ የሚሠሩት፣ በጭስ የሚታጠን የወተት ዕቃ ነው። ክዳኑን ከፍተው ለአኮ አስቀደሙ፣ ቀጥለው ለእኔ ሰጡኝ፤ የጭሱ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። መዝጋቢው "እነዚህ ስንት ናቸው?" ብሎ ሲጠይቅ አዳዳ "ቤታቸው ነው የመጡት" አሉት። እርሱም ሥራው ነውና "ሁለት" ብሎ ጻፈ።

ሕጉ ምን እንደሚል የሚያውቅ ይንገረኝ። በእንዲህ ያለ ነገር ያለፋችሁም ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። አባቴ ጊዜ ያላቸው አይመስለኝም።

ጠበቃ ከአዲስ አበባ፦

እኅቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ሕጉን እንዳለ እነግርሻለሁ፤ ደስ አይልም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20፣ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህን ባልደረባሽ ነግራሻለች። አንቺን የሚመለከተው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ምክንያት ሌላ ዜግነት በትውልድ ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ይህንን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ማለትም ሕጉ ምርጫሽን የጠበቀው ከ18 እስከ 19 ዓመትሽ ነበር። ሞያሌ ውስጥ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን የሚነግር ማን አለ?

በኬንያ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥታቸው እናቱ ወይም አባቱ ኬንያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ የትም በትውልድ ዜጋ ነው ይላል፤ በትውልድ ዜጋ ለሆነ ሰው ጥምር ዜግነትንም ይፈቅዳል። እነርሱ ዘንድ አባትሽን ለማግኘት እናትሽን መተው አይጠበቅብሽም። እዚህ ይጠበቅብሻል።

ግን ተስፋ አትቁረጪ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። ሳያውቁ ዝም ማለት "ፈቃድ" ነው ወይ የሚለው በእኔ እምነት መልስ የሚገባው ክርክር ነው፤ ዕድሉን ባገኝ ፍርድ ቤት ቆሜ የምከራከርበት ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ኪታምቡሊሾውን ከማውጣትሽ በፊት ሁኔታሽን ዘርዝረሽ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በጽሑፍ አቅርቢ፣ ገቢ የተደረገበትንም ቅጂ ያዢ። መታወቂያውን ማውጣት የዚያኛውን ዜግነት መብት እንደመጠቀም ሊቆጠርብሽ ይችላልና ቅደም ተከተሉን አታዛቢ።

የከፋው ቢመጣ እንኳ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ማውጣት ትችያለሽ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። መምረጥና መመረጥ አይቻልም፣ መከላከያን፣ ደኅንነትንና ውጭ ጉዳይን በመሳሰሉ መሥሪያ ቤቶችም መቀጠር አይቻልም። ይህ ካርድ ሲታሰብ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ያለው ወገናችን ታስቦ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባሕር ተሻግሮ የሌላ ሀገር ፓስፖርት ለያዘ ሰው የተሠራ ነው፤ በእግሯ አስፋልት ተሻግራ አባቷን ለምትጠይቅ ልጅ ታስቦ አልተሠራም።

ከኢሲዮሎ፦

እኅቴ፣ ነጋ? እኔ ኬንያዊ ቦረና ነኝ፤ አማርኛ የለመድኩት ሐዋሳ ስድስት ዓመት ስነግድ ነው። ምናልባት ገበያ ላይ ተያይተን ይሆናል።

እኔ 18 ዓመት ሞልቶኝ መታወቂያ ስጠይቅ የሆነውን ልንገርሽ። ናይሮቢ የተወለደ ጓደኛዬ የልደት ወረቀቱንና የወላጆቹን መታወቂያ ቅጂ አስገብቶ ወጣ። እኛ የሰሜን ልጆች ግን ለአጣሪ ኮሚቴ ቀረብን። የአያቴን መታወቂያ ጠየቁኝ። አያቴ የት እንደተቀበሩ ጠየቁኝ። የአባቴን የልደት ቀን ሲጠይቁ አኮዬ "በጃልደሳ ሊበን ገዳ" ብለው መለሱ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያቸውና "1 ጃንዋሪ" ብሎ ሞላው። እኔም 1 ጃንዋሪ ነኝ። ታናሼም 1 ጃንዋሪ ነው። ከማመልከቻው እስከ ካርዱ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ወራት ባንክ ቤት ሒሳብ መክፈት እንኳ አልቻልኩም።

አኮዬ ግን የሰጡት መልስ ልክ ነበር። የጃልደሳ ሊበን ገዳ፣ ማለትም አባ ገዳ ሆነው የመሩበት ዘመን፣ ከ1960 እስከ 1968 (እ.ኤ.አ.) ያለው ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ ጎባ ቡሌ፣ ጅሎ አጋ፣ ቦሩ ጉዮ፣ ቦሩ መዳ፣ ሊበን ጃልደሳ፣ ጉዮ ጎባ፣ ኩራ ጃርሶ፤ አሁን ጉዮ ቦሩ። ዱብሉቅ ያለ ሽማግሌም ኢሲዮሎ ያለ ሽማግሌም ይህን በቃሉ ይቆጥርልሻል። አንቺ 31 ዓመትሽ ከሆነ የተወለድሽው በቦሩ መዳ ገዳ ነው። እኔም እንደዚያው። እንግዲህ እኩያሞች ነን።

ያ ሁሉ ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። ኬንያ ነፃ ስትወጣ የሰሜኑ ክፍል ወደ ሶማሊያ ይሂድ አይሂድ በሚል ተናወጠ። በ1963 (እ.ኤ.አ.) የኢሲዮሎ አስተዳዳሪ የነበሩት ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራና የቦረናው ባላባት ሐጂ ገልማ ዲዶ ተገደሉ፤ ናይሮቢ መሐል ላይ በዋቤራ ስም የተሰየመ መንገድ አለ፣ ሲያልፉበት ታሪኩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከዚያ እስከ 1967 የሽፍታ ጦርነት የሚባለው መጣ። የእኛ ወገን የዋሶ ቦረና መንጋውን ያጣው ያኔ ነው። አያቴ በግመልና በከብት ሀብታም የነበሩ ሰው በዕርዳታ እህል አረጁ። ከዚያ ወዲህ የሰሜን ሰው ኬንያዊነቱን እያስረዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ዋጂር ላይ ያ ልዩ ማጣሪያ መቅረቱን ሲያስታውቁ እናቴ አለቀሰች። አጎትሽ "ጊዜው አሁን ነው" ያሉት ይህን የኖሩ ሰው በመሆናቸው ነው።

ስለ ሕጉ ጠበቃውን ስሚ። እኔ የምልሽ ግን አባትሽ በሕይወት እያሉ፣ በራሳቸው አፍ "ልጄ ናት" ብለው፣ በራሳቸው ጣት ይፈርሙልሽ። ከሞቱ በኋላ ያንን ቃል የሚተካ ወረቀት የለም። መታወቂያው ቢዘገይ ይዘግይ፤ ቃላቸውን ግን አሁኑኑ በጽሑፍ አስቀሪ።

አንድ ነገር ደግሞ። እኛ ኢሲዮሎ ያለን ብዙዎቻችን ሙስሊሞች ነን፤ አለባበሳችንም ከላይኛው ቦረና ይለያል። በ2017 ዓ.ም. ገዳው ከኩራ ጃርሶ ወደ ጉዮ ቦሩ ሲተላለፍ አሬሮ ድረስ ሄጄ ነበር። የኬንያ ታርጋ ያላቸው መኪናዎች ብዙ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ጎሣዬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ወዲያው የሦስተኛ አያቴን ስም ጠሩልኝ። ኮሚቴው በአሥራ አራት ወር ያላገኘውን እርሳቸው እጄን ሳይለቁ አገኙት።

የአኮ ልጅ፦

ጠበቃው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ18 እስከ 19 ዓመቴ ያለውን ስላነሱት አሰብኩት፤ በዚያ ዓመት የመሰናዶ ፈተና እያጠናሁ ነበር። የሥነ ዜጋ መጽሐፋችን ስለ ዜግነት አንድ ምዕራፍ ነበረው፤ ሸምድጄዋለሁ። ስለ እኔ እንደሚናገር አላወቅሁም።

ወንድሜ ከኢሲዮሎ፣ በየትኛው ገዳ እንደተወለድኩ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። አኮ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ተረት ነበር የሰማሁት። ዛሬ ማታ ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦

ልጄ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ደቡብ ድንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ፤ ዱብሉቅንም ሜጋንም ሞያሌንም በእግሬ አውቃቸዋለሁ። ቦረና ውኃ አጠጥቶኛል፤ ክፉ ላወራ አልመጣሁም።

ሆኖም እውነቱን ልንገርሽ። ድንበር ቀልድ አይደለም። ከብት ተዘርፎ ማዶ ሲገባ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሻገር፣ "ይህ ሰው የማን ነው? ማን ይጠየቅበት?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሁለት መታወቂያ ይዘው አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ እያሳዩ የሚያመልጡ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ሬሳ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቦታ ቦረና ብቻውን አይኖርም፤ ገሪ አለ፣ ገብራ አለ፣ ሌላም አለ። ሁሉም "ዘመዴ ማዶ ነው" ካለ መንግሥት ማንን ይጠብቅ፣ ማንንስ ይጠይቅ?

አባትሽን አትጠይቂ ማለቴ አይደለም። ሄደሽ እግራቸውን እጠቢ። ዜግነት ግን አንድ ቢሆን ይሻላል። በክፉ ቀን ከማን ጋር ትቆሚያለሽ? ሁለት ቦታ የቆመ ሰው ሁለቱም ያጣዋል ብዬ እሰጋልሻለሁ፤ እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው።

የአኮ ልጅ፦

አባባ፣ ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ። ሬሳ ያነሳ ሰው የሚናገረውን በዝምታ አልፈው ዘንድ አልችልም፤ እርስዎ ያዩትን እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ ሙሉ መልስ ልስጥዎ።

ያ ድንበር የተዋዋሉበት በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በ1907 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት ካፒቴን ማውድ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ሀገሩን ዞሮ ለክቷል። ተማሪዎቼ ይህን ያውቃሉ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ሌላም ነገር አለ፤ ያው ውል በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሰዎች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ መጠቀም እንደሚችሉ፣ ውኃ ጉድጓዶቹም ለሁለቱም ወገን ክፍት እንደሆኑ ይናገራል። በተሻገሩበት ምድር ላለው አስተዳደር እንዲገዙ ደግሞ ያዝዛል። እርስዎ የሚሉት ተጠያቂነት እዚያው ውስጥ አለ ማለት ነው። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ሰዉ በሁለቱም በኩል አንድ መሆኑን አውቀው፣ ጽፈው፣ ፈርመው ነው ያሰመሩት። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ለከብቶቻችን የተጻፈልን ያህል ለልጆቻችን የተጻፈልን አላገኘሁም።

"በክፉ ቀን ከማን ጋር ትቆሚያለሽ?" ብለውኛል። ያየሁት ክፉ ቀን ሁለት ነው። አንዱን ጽፌዋለሁ፤ ሞያሌ ላይ ደም ሲፈስ ወደ አባቴ ሸሸሁ። ሁለተኛው ድርቁ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገናውም ሀገያውም፣ ማለት ዋናውም ትንሹም ዝናብ፣ በተከታታይ አምስት ጊዜ ቀረ። ወንድሜ አርባ ከሚሆኑ ከብቶቹ አሥራ አንዱን እየነዳ ከሶሎሎ ወደ ዱብሉቅ መጣ። ለዕረፍት ሄጄ ስለነበር አብሬው ነበርኩ።

ዱብሉቅ ከዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች አንዱ ነው። እርስዎ አይተውታል፤ ላላዩት ልንገር። ከብቱ በተቆፈረ መንገድ ወደ ምድር ሆድ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ጉድጓዱ ይቀጥላል። ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃውን ወደ ናኒጋው፣ ወደ ጭቃው ገንዳ፣ ያወጡታል። ዘፈኑ ከቆመ እጅ ይዛነፋል። የዕለቱን ተራ የሚያስከብሩት ሰው አባ ሄሬጋ ይባላሉ። ወንድሜ ፊታቸው ቆመ። ኪሱ ውስጥ የኬንያ መታወቂያ ነበር፤ እንዳይጠፋበት በፕላስቲክ ጠቅልሎታል። እርሳቸው ጎሣውን ጠየቁት። ነገራቸው። ከብቶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ አንዲቱ ላም መቆም አቅቷት ነበር፣ እርሷን ወዲያው አስጠጧት። ለቀሪዎቹ በሦስተኛው ቀን ተራ ሰጡት። ተራውን የሰጡት በዕለቱ ውኃ ያጡ የሀገሬው ሰዎች እያዩ ነው፤ አንድም ሰው "ይህ ኬንያዊ ነው" አላለም። ድርቁ ሲያበቃ የጎሣችን ሰዎች ከሁለቱም ወገን ተሰብስበው በቡሳ ጎኖፋ ሁለት ጊደር ሰጡት፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው እንደገና ማቋቋሚያ ሥርዓት ነው።

አባባ፣ እኔ በክፉ ቀን ወደ ማዶ ሮጥኩ፣ ወንድሜ በክፉ ቀን ወደዚህ ሮጠ። የምቆምበትን ሲጠይቁኝ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።

የማርሳቢቷ፦

እኅቴ፣ ልብ የሚነካ ነው የጻፍሽው። እኔ ቡርጂ ነኝ። ሕዝባችን በኢትዮጵያ ቡርጂ፣ በኬንያ ማርሳቢትና ሞያሌ ይኖራል። ቅድመ አያቴ ከመቶ ዓመት በፊት ከቡርጂ ተነስተው ማርሳቢት ተራራ ላይ አረሱ። የቱላ ጉድጓድ አልነበራቸውም፣ የሚጠሩት የገዳ ዘመንም አልነበራቸውም። ዶማና የጤፍ ዘር ነበር የያዙት።

ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር እኛ "መጤዎች" የምንባለው "ጉድጓዱ የአያቶቻችን ነው" በሚል ቃል ነው። ይህን ያልሽው አንቺ አይደለሽም፤ ሲባል ግን ሰምተሻል። ስለ መብትሽ ስትከራከሪ መሠረቱ ጥንታዊነት ብቻ አይሁን፤ በአባትሽ ልጅነትሽ ይሁን። ያ ለእኔም ይበቃኛል።

የአኮ ልጅ፦

ሰምቻለሁ። ልጆች ሆነን እኛም ብለነዋል፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። አኮ ቤት አጠገብ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ቡርጂዎች ነበሩ፤ በ2010 ስንሸሽ የቤታችንን ቁልፍ የተቀበሉን እነርሱ ናቸው። ተመልሰን ስንመጣ ዶሮዎቹ እንኳ አልጎደሉም። ይህን ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ።

የሞያሌ ሹፌር፦

መምህርት፣ ክርክሩ መልካም ነው፤ እኔ የመንገዱን ልንገርሽ። ለጉብኝት ከሆነ ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም፤ ፓስፖርት ካለሽ እርሱን ያዢ። አሁን ሞያሌ ላይ የሁለቱ ሀገራት ሠራተኞች በአንድ ቦታ ስለሚሠሩ እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ አትሰለፊም። ከኬላው እስከ ሶሎሎ መገንጠያ ድረስ አስፋልት ነው። አባቴ ሹፌር በነበሩበት ዘመን ከሞያሌ ኢሲዮሎ ለመድረስ በአቧራና በጭቃ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ሰው በጭነት መኪና ላይ ከበሬ ጋር ቆሞ ይሄድ ነበር።

የልደት ወረቀትሽን ዋናውን ያዢ፣ ቅጂውንም። የእናትሽንና የአባትሽን ጋብቻ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ከዚህ በኩል አብረውሽ ቢሄዱ ቃል ማስፈሩ ይቀላል።

የአኮ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ትናንት አስገባሁ፤ ጠበቃው እንዳሉት ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ይዣለሁ። መልሱ እስኪመጣ ኪታምቡሊሾውን አላወጣም። የአባቴን ቃል ግን በዚህ ሳምንት አጽፋለሁ። ከትምህርት ቤቱ አምስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። አኮ "እኔ ነኝ ሽማግሌሽ፤ ሰርጉን የደገስኩት እኔ አይደለሁም?" ብለው አብረውኝ ሊሄዱ ተነስተዋል። ለአዳዳ አምስት ኪሎ ጀንፈል ገዝቻለሁ፤ ቡና ቀላ ከነገለፈቱ በቅቤ ነው የሚጠበሰውና የተፈለፈለውን አይወዱትም።

ሐሙስ ሞያሌ አድረን ዓርብ እንሻገራለን። ወደ ሶሎሎ የሚሄደው መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሳል? በእነርሱ ሰዓት ነው በእኛ?

የሞያሌ ሹፌር፦

በ12 ሰዓት። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እነርሱም 12 ይሉታል። ለአኮ የፊት ወንበር እንዲያዝላቸው ነግሬያለሁ።